ድንጋይ ያልተወረወረበት ምርጫ

በእኛ ከተማ ምርጫ መቃረቡን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ብርጭቆ ሻጭ ነበር። ማስታወቂያው ገና ሳይለጠፍ፣ ለመንገድ ሥራ ተብሎ በየዳሩ የተከመረው ድንጋይ መመንመን ይጀምራል። ማን እንደሚያነሳው አይታይም። ከንቲባው ስለ ነገሩ ተጠይቀው «ድንጋይ አንድ ቦታ መቀመጥ ይሰለቸዋል» ብለው መልሰዋል፤ መልሳቸውም አጥጋቢ ሆኖ ስለተገኘ በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ከርሟል።

ትርንጎ የምትባል ሴት በገበያው መሀል የብርጭቆና የሸክላ ዕቃ ሱቅ ነበራት። ጠና ያለች፣ ለወሬ የማትቸኩል፣ ደንበኛ የመረጠውን ብርጭቆ በጥፍሯ ጠቅ አድርጋ ድምፁን አዳምጣ «ይሄስ ይቅርብህ» የምትል ሴት ናት። የመንገዱ ድንጋይ መመንመን ሲጀምር እሷም ዕቃዋን በጭድ እየጠቀለለች በሳጥን መክተት ትጀምራለች። ባለፈው ምርጫ ግን ተቀደመች። ውጤቱ በተነገረበት ከሰዓት በኋላ ከሰልፈኛው መሀል አንድ ድንጋይ ተነስቶ በበሩ ገባና የፊተኛውን መደርደሪያ ገነደሰው። አንዱ መደርደሪያ ሌላውን ተደግፎ የቆመ ስለነበር ሁሉም ተከታትሎ ወረደ። ትርንጎ እስከ ዛሬ የሚታወሳት ከዚያ በኋላ የመጣው ጸጥታ ነው።

እንግዲህ የአገሩን ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በአገራችን ሁለት ፓርቲዎች አሉ፤ መሰላልና ጃንጥላ። መሰላሎች ሁሉም ሰው ከፍ ይላል ይላሉ። ጃንጥላዎች ደግሞ አንድም ሰው አይበሰብስም ይላሉ። ከፍ ያለ ሰው ለምን መበስበስ እንዳለበት፣ ያልበሰበሰ ሰውም ለምን ዝቅ ማለት እንዳለበት የሚጠይቅ አልነበረም፤ ብቅ ካለም የአንደኛው ወገን ሰላይ ነው ይባል ነበር። ፕሬዚዳንቱ ከሁለቱ ከአንዱ ይመረጣል። የተሸነፈው ወገን ድንጋይ ያነሳል፤ ያሸነፈውም ብቻውን እንዳይተወው አብሮ ያነሳል።

የትርንጎ ባል ቢያድግልኝ አናጢ ነው፤ በምርጫ ጊዜ ግን የመሰላል ዋና ጯሂ ነበር። ደረቱ ከበሮ ነው። ላይ ሰፈር ቆሞ ሲጮህ ወንዝ ዳር ያለ ውሻ ይመልስለታል። ወንድሟ ማንደፍሮ ወንዝ ዳር ጎመንና ቃሪያ የሚያለማ አትክልተኛ ሲሆን፣ እሱ ደግሞ የጃንጥላ ዋና ጯሂ ነበር። ድሮ ሁለቱ የማይለያዩ ባልንጀሮች ነበሩ፤ እንዲያውም ቢያድግልኝን ከትርንጎ ጋር ያስተዋወቀው ማንደፍሮ ነው። ድንጋዩ በበሩ የገባ ቀን ግን ቢያድግልኝ «የመጣው ከናንተ በኩል ነው» አለ። ማንደፍሮ «የተወረወረው ከናንተ ኋላ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ አንዱ ከድንኳኑ ወዲህኛው ጥግ፣ ሌላው ከወዲያኛው ጥግ ይቀመጣል፤ ትርንጎም መሀል ሆና ለሟቹ ይሁን ለነሱ ሳይለይ ታለቅሳለች።

ነገሩን የለወጠው ዝናብ ነው። የምርጫ ሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ አቶ ልሳኑ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲያባርራቸው መጀመሪያ ያገኙት ደጅ ጌም ቤት ነበር። ገብተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ወጣቶች በኮምፒውተር የምርጫ ጌም ይጫወታሉ። እያንዳንዱ የራሱን ዕጩ ይዟል፤ ዕጩውን ከአውራጃ አውራጃ ይልካል፣ ፖስተር ያስለጥፋል፣ ንግግር ያስደርጋል፣ የተፎካካሪውን ገመና ያስቆፍራል። ስክሪኑ ላይ ያለው የአገር ካርታ የሕዝቡ ልብ በዞረ ቁጥር ቀለሙን ይለዋውጣል። አንዱ ሌላውን ሌባ አለው፤ ከሃዲ አለው፤ በመጨረሻ አንደኛው ተሸነፈ። ሽማግሌው ራሳቸውን በጋቢያቸው ከልለው ድንጋዩን ጠበቁ። ተሸናፊው ተነስቶ ተንጠራራና፣

«በል ሻይ ጋብዘኝ» አለ። ተያይዘው ወጡ።

አቶ ልሳኑ ዝናቡ ካባራ በኋላም እዚያው በርጩማ ላይ ብዙ ተቀምጠው ቀሩ ይባላል።

በሳምንቱ አዋጅ ወጣ። ከእንግዲህ የምርጫ ቅስቀሳ የሚደረገው በጌም ብቻ ነው። ጎዳና ላይ መጮህም ሆነ መሰለፍ ክልክል ነው። ሁለቱ ወገኖች በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሕዝብ እያየ በጌሙ ይፋለማሉ፤ ሕዝቡ ደግሞ አይቶና አመዛዝኖ እንደ ወትሮው ድምፁን ይሰጣል። ይሁንና በጌሙ ውስጥ ከሁለቱ አንዳቸውም የሕዝብ ልብ ማግኘት ካልቻሉ፣ አዋጁ ይሻርና ቅስቀሳው ወደ ጎዳና ይመለሳል።

የጃንጥላ ዕጩ መጫወቻ ፊት መቀመጥ ክብራቸውን እንደሚነካ አስታወቁ። የመሰላል ዕጩ ደግሞ ወንበሩ ዝቅ አለብኝ አሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ፓርቲ በዕጩው ፈንታ የሚጫወት ሰው እንዲልክ ተባለ። ፓርቲዎቹ ሰው የሚመዝኑበት ሌላ ሚዛን ስላልነበራቸው በድምፅ መዝነው ዋና ዋና ጯሂዎቻቸውን ላኩ። ኮምፒውተሩ ጆሮ እንደሌለው የታወቀው ኋላ ነው።

ትርንጎ ወሬውን ስትሰማ በእጇ የያዘችውን ማሰሮ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ?» አለች።

«አንድ ጠረጴዛ ላይ» አላት ወሬውን ያመጣው ጎረቤት።

ማሰሮውን መልሳ አነሳችና በጭድ ትጠቀልለው ጀመር።

የጌም ቤቱ ባለቤት ፍሬሕይወት የምትባል ቀልጣፋ ወጣት ነበረች፤ ጨዋታውን እንድታስተምርና ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጮክ ብላ እንድታነብ ጉባኤው ቀጠራት። ሁለት ኮምፒውተር መድረኩ ላይ ፊት ለፊት አስቀመጠች፤ ጨዋታው ለሕዝቡ እንዲታይ ግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዲ ተወጠረ። የጉባኤው ጸሐፊ ደግሞ የተጫዋቾቹን ወንበር በየፓርቲያቸው ማኅተም አተመ። ቢያድግልኝ ደረቱን ነፍቶ መጥቶ ሊቀመጥ ሲል በወንበሩ ጀርባ ላይ «ጃንጥላ» የሚል ማኅተም አየ። የማንደፍሮ ወንበር ላይ «መሰላል» ተብሎ ታትሟል።

«ተሳስቷል!» ብሎ ጮኸ። የአዳራሹ መስኮት ተንቀጠቀጠ።

አቶ ልሳኑ መነጽራቸውን አድርገው ማኅተሙን አዩት፤ ከዚያ ጸሐፊውን አዩት፤ ጸሐፊው መሬት መሬት አየ።

«ጉባኤው አይሳሳትም» አሉ ሽማግሌው። «የታተመ አይፈታም። አንተ ጃንጥላን ትጫወታለህ፤ እሱ መሰላልን ይጫወታል።»

«እኔ? ለጃንጥላ?»

«የሚጫወተው ወንበሩ ነው፤ አንተ እጅህን ብቻ አውሰው።»

ቢያድግልኝ እያጉረመረመ ተቀመጠ። ጥቂት አሰበ። ቀስ በቀስ ፊቱ እየፈካ መጣ። ጃንጥላ በእሱ እጅ ከገባ፣ ጃንጥላን እንደፈለገ ሊያዋርደው ይችላል ማለት ነው። ቀና ሲል ማንደፍሮም ከወዲያ በኩል ፈክቶ አየው። ከታች ከሕዝቡ ጋር የተቀመጠችው ትርንጎ የሁለቱን ፈገግታ አየች። ከረጅም ጊዜ በኋላ በአንድ ነገር አብረው ሲደሰቱ ያየቻቸው ያን ቀን ነው፤ የሚደሰቱበትም ነገር ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቷታል።

የመጀመሪያዎቹ ዙሮች እንዲህ አለፉ። ቢያድግልኝ የጃንጥላውን ዕጩ ዝናብ ጥሎበት ወደማያውቅ በረሃ ልኮ ስለ ጎርፍ ረጅም ንግግር አስደረገው። የፓርቲውን ፖስተር ሁሉ ሰው በማይደርስበት ጫካ ውስጥ አስለጠፈ። ማንደፍሮ በበኩሉ የመሰላሉን ዕጩ ደረጃ በሚወጣ ሰው ላይ ግብር እንደሚጥል ቃል አስገባው፤ የሴቶች ማኅበር ፊት አቁሞም ስለ ራሱ ቁመት ብቻ እንዲያወራ አደረገው። ሁለቱ ዕጩዎች ተቃቅፈው ገደል ገቡ። በካርታው ላይ ቀይ የመሰላል፣ ሰማያዊ የጃንጥላ ነበር፤ ቀዩም ሰማያዊውም እየሟሸሸ ሄዶ አገሩ በሙሉ አመድ መሰለ።

«ይሄ አመዱ የማነው?» አሉ አቶ ልሳኑ።

«ጌሙ ‹ማንም› ብሎ ነው የሚጽፈው አባባ» አለች ፍሬሕይወት። «ሁለቱንም ያልፈለገ ሰው ድምፅ ነው።»

«እየመራ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ በሰፊው።»

ከፊት የተቀመጡት የጸጥታ ሹም ይህን ሲሰሙ ማስታወሻ ያዙ። በማግሥቱ በየግንቡ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «አቶ ማንም የተባሉ ግለሰብ ሳይመዘገቡ በመወዳደርና ሕዝብ በማሳሳት ስለተጠረጠሩ በአስቸኳይ ለጸጥታ ቢሮ እንዲቀርቡ።» የቀረበ የለም። ሹሙ ሰዎቻቸውን አሰማርተው ገበያ ውስጥ ብቻውን ሲሄድ የተገኘ አንድ ተሸካሚ አስያዙ።

«ማነህ አንተ?» አሉት።

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ ማንም አይደለሁም» አለ ሰውየው።

ማንም አለመሆኑን በገዛ አንደበቱ ስላረጋገጠ ይቅርታ ጠይቀው ለቀቁት።

ሕዝቡ ግን አዋጁን አልረሳም። አመዱ ካሸነፈ ቅስቀሳው ወደ ጎዳና መመለሱ ነው። ትርንጎ አንድ ማለዳ ሱቋን ልትከፍት ስትሄድ በመንገዱ ዳር ያለው የድንጋይ ክምር ጎኑ ጎድሎ አየች። እንደምንም በሯን ከፍታ ገባችና በሳጥኖቹ ላይ ተቀመጠች። ጭዱ ይሸታል። ሱቅ ማለት ዕቃው የሚታይበት ነበር፤ የእሷ ግን ከተሰበረበት ቀን ጀምሮ ግማሹ ሁልጊዜ በሳጥን ውስጥ እንደተቀበረ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ፈትታ ታሳያለች፤ ሲሄድ መልሳ ትጠቀልላለች። ብዙ ሳትቆይ ዘግታ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ምሳ ሠራች፤ በአንድ ትልቅ ምሳ ዕቃ ሞልታ ወደ አዳራሹ ሄደች።

ተጫዋቾቹ ቀኑን ሙሉ ከማዘጋጃ ቤቱ መውጣት ስለማይፈቀድላቸው ምሳቸውን የሚበሉት ከመድረኩ ኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ነበር። እስከዚያ ቀን ቢያድግልኝ ከቤት የሚላክለትን፣ ማንደፍሮም ዳቦውን፣ ጀርባ ተሰጣጥተው ይበሉ ነበር። ትርንጎ ምሳ ዕቃውን በሁለቱ መሀል አስቀምጣ ክዳኑን አነሳች። ምስር ወጡ ገና ይተናል።

«አንድ ምሳ ዕቃ ነው ያለኝ» አለች። «ሌላው ያኔ ተሰብሯል።»

ሁለቱም አቀረቀሩ። ርቧቸዋል። አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ ይበሉ ጀመር።

«እታለም» አለ ማንደፍሮ ዓይኑን ከምግቡ ሳያነሳ፣ «ለባልሽ ንገሪው፤ በረሃ ላይ ስለ ጎርፍ የሚሰብክ ሰው ከሱ በቀር አላየሁም።»

«ለወንድምሽ ንገሪው» አለ ቢያድግልኝ፣ «ደረጃ ላይ ግብር ከሚጥል ይሻላል።»

«እኔ ስልክ አይደለሁም» አለች ትርንጎ።

በመሀላቸው እንደቆመች ቀጠለች።

«ድንጋዩ መመንመን ጀምሯል። ዛሬ ጠዋት አየሁት። እናንተ እዚህ አንዳችሁ የሌላችሁን ቤት እያፈረሳችሁ ነው፤ ስታበቁ የሚፈርሰው የኔ ነው። አሁን ከተሰበረ መልሼ አልከፍትም።» ክዳኑን በነጠላዋ ጠረገች። «ዕቃ መጠቅለሉን ለምጄዋለሁ። ባሌ ቤት ሲሆን የወንድሜን ስም መጠቅለል፣ ወንድሜ ጋ ስሄድ የባሌን ስም መጠቅለል፣ እሱ ነው የደከመኝ።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። የምሳ ዕቃውን ክዳን እንደያዘች ሄዳ በመስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

በመጨረሻ ቢያድግልኝ ለምስሩ የሚናገር ይመስል፣

«እነዚህ የወንዝ ዳር ሰዎች ግን ጃንጥላን ለምንድነው እንዲህ የሚወዱት? ዝናብ እንደሆነ ለሁሉም ነው የሚዘንበው» አለ።

«ለሁሉም ይዘንባል» አለ ማንደፍሮ፣ እሱም ለምስሩ። «የሚጠራቀመው ግን እኛ ዘንድ ነው። አምና ክረምት አልጋዬ ተንሳፍፎ ነበር።»

«አልጋህ?»

«አዎ። እኔ አልጋው ላይ፣ ድመቷ እኔ ላይ።»

ቢያድግልኝ ሊስቅ ቃጣውና ተወው። «ያን አልጋ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «ለምን አልነገርከኝም? ወለሉን ከፍ ማድረግ ምን ሥራ ነው?»

«አንተን ላናግር?»

ማንደፍሮ ውሃ ጠጣ፤ ጽዋውን ካስቀመጠ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው።

«አንተስ መሰላል ምን አድርጎልህ ነው ጉሮሮህ እስኪደማ የምትጮህለት?»

ቢያድግልኝ እጁን ከምግቡ ሰበሰበ።

«እናታችሁ ታማ እኛ ዘንድ የመጣች ጊዜ» አለ፣ «ያነጠፍንላት በበሩና በምድጃው መሀል ነው። ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ትባንን ነበር። ከላይ አንዲት ክፍል ልሥራላት ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። ‹ወደ ላይ መሥራት ክልክል ነው› አሉኝ። ስትሞት እዚያው በሩ ሥር ነበረች። መሰላል የሆንኩት ያን ሳምንት ነው።»

ማንደፍሮ የጠቀለለውን ጉርሻ አፉ ሳያደርስ መለሰው። ይህን አያውቅም ነበር። መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ትርንጎም ብትሆን ፈቃድ መከልከሉን እንጂ ነገሩ በባሏ ሆድ ውስጥ እስከዚህ መቆየቱን አታውቅም ነበር። ክዳኑን በጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ከኋላዋ ማንደፍሮ ምሳ ዕቃውን ወደ ባሏ ሲገፋው ሰማች።

«ከዚህ ከሥጋው... ምስር ነው ለካ» አለ። «ብላ እንጂ። አንተ እየበላህ አይደለም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታው ሌላ ሆነ። ቢያድግልኝ የጃንጥላውን ዕጩ ወደ ወንዝ ዳር አውራጃዎች ላከው። ውሃ መውረጃ ቦይ ቃል አስገባው፤ ከፍ ያለ ወለል ቃል አስገባው፤ በጌሙ ውስጥ ያሉ አማካሪዎች ያቀረቡለትን የማይሆን ነገር ሁሉ እንደ ጠማማ ሳንቃ እያየ ጣለው። ማንደፍሮ ደግሞ የመሰላሉን ዕጩ ቤት በጠበበባቸው ከተሞች አዞረው፤ ወደ ላይ የመሥራት ፈቃድ እሰጣለሁ አስባለው፤ ችግኝ እንደሚጠብቅ ሰው ሳይቸኩል አንድ አውራጃ እስኪያዝለት ወደ ሌላው አልሄደም። ሲቸግራቸው በጠረጴዛው ላይ ይጠያየቃሉ።

«ጋሼ፣ ተቃዋሚ እኮ አይጠየቅም» አለቻቸው ፍሬሕይወት።

«ታዲያ የነሱን ነገር ማንን እንጠይቅ?» አላት ቢያድግልኝ።

ሕዝቡ ግራ ተጋባ። መሰላሎች ዕጩአቸው በጠላት እጅ ሲያድግ ያጨብጭቡ ወይስ ያፏጩ? ጉባኤው ጉዳዩን መርምሮ፣ ቀኝ እጅ ለዕጩው፣ ግራ እጅ ለተጫዋቹ እንዲነሳ ወሰነ፤ ሁለቱን እጅ ማገናኘትና አለማገናኘት ለየሰው ተተወ። መጀመሪያ ላይ አዳራሹ ሙሉ ሰው እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ተቀመጠ። በሁለተኛው ቀን እጅ ደከመና ማጨብጨብ ተጀመረ።

ካርታው አመዱን አራገፈ። የጸጥታ ሹሙም ማንምን ከአገር በማሳደድ ላሳዩት ትጋት ሜዳሊያ ተሸለሙ። በካርታው መሀል አንዲት ትንሽ አውራጃ ብቻ አመድ እንደሆነች ቀረች። ጌሙ ውስጥ ስሟ «ገበያ» ይባላል። ሁለቱም የሞከሩት ንግግር ሁሉ አልሆነላትም።

በመጨረሻው ዙር የቢያድግልኝ ስክሪን ላይ ድንገተኛ ጉዳይ ብቅ አለ። ጌሙ እንዲህ አልፎ አልፎ ያልታሰበ ነገር እያመጣ ተጫዋቹን ይፈትናል። ፍሬሕይወት ጮክ ብላ አነበበችው፦

«‹በገበያ አውራጃ ድንጋይ ተወርውሮ የአንዲት ነጋዴ ሱቅ ተሰብሯል። ሕዝቡ የእርስዎን መልስ ይጠብቃል። አንድ፦ መሰላሎች ናቸው። ሁለት፦ የኛ ሰዎች ናቸው። ሦስት፦ መልስ የለኝም።›»

በዚያ ከተማ ይህን ጉዳይ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ትርንጎ የነጠላዋን ጫፍ በእጇ ጨበጠች።

ቢያድግልኝ አቡጀዲውን አየ። እሱ አሁን ጃንጥላ ነው። «መሰላሎች ናቸው» ካለ አውራጃዋ ወደሱ ትመጣለች፤ ነገር ግን የገዛ ወገኑን መክሰሱ ነው። «የኛ ሰዎች ናቸው» ካለ ደግሞ ጃንጥላዎች ናቸው ማለቱ ነው፤ ይህን ነገር እስከ ዛሬ በየድንኳኑ፣ በየመንገዱ፣ በሚስቱም ፊት ሲለው ኖሯል። እነሆ አገር ሁሉ እያየ በአንድ ጣት መጫን ብቻ ቀርቶታል። ማውሱን ወደዚያ ወሰደው። እጁ እዚያ ላይ ቆመ። በጠረጴዛው ማዶ ማንደፍሮ አላየውም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ እንደሚመታ ሰው ነበር የሚጠብቀው።

«ሌላ የለም?» አለ ቢያድግልኝ።

«የራስዎን ቃል የሚጽፉበት ባዶ ቦታ አለ ጋሼ» አለች ፍሬሕይወት። «ግን እስከ ዛሬ ማንም ጽፎበት አያውቅም።»

የጸጥታ ሹሙ «ማንም» ሲባል ሰምተው ብድግ አሉ፤ ቆይተው ተቀመጡ።

ቢያድግልኝ በአንድ ጣቱ ፊደል እየፈለገ ይጽፍ ጀመር። ብዙ ፈጀ። አንድም ሰው አላሳለም። አቡጀዲው ላይ ቃሉ አንድ በአንድ ወጣ፦ «ማን እንደወረወረው አላየሁም። አየሁ ያልኩት ተናድጄ ነው። ሱቁን እናቁመው።»

ተራው ወደ ማንደፍሮ ዞረ፤ ያው ጥያቄ መሰላል ሆኖ ቀረበለት። ፍሬሕይወት አንብባ ሳትጨርስ እሱም ባዶውን ቦታ ከፍቶ ነበር። «እኔም አላየሁም» ብሎ ጻፈ። ቆመ። ጨመረበት፦ «ሚስማሩን እኔ አመጣለሁ።»

ካርታው ላይ ትንሿ አውራጃ ብልጭ ድርግም አለች። ወደ ቀይ ሄደች፤ ወደ ሰማያዊ ተመለሰች፤ በመጨረሻ ወይን ጠጅ ሆና ረጋች። ፍሬሕይወት አፏን በእጇ ያዘች፤ ይህን ቀለም በዚያ ጌም አይታ አታውቅም። ከሕዝቡ መሀል አንዱ አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ፤ የትኛው እጅ የማን እንደሆነ ማንም አላሰበም።

ትርንጎ ሰው እየገፋች ወደ መተላለፊያው ወጣች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አቶ ልሳኑ ምርኩዛቸውን ይዘው ተከትለዋት ወጡ።

«ምን ሆንሽ ልጄ? አመመሽ?»

«ኧረ የለም አባቴ» አለች። እንባዋ እየወረደ ነበር፤ ግን ፊቷ አላለቀሰም። «ቀለለኝ።»

ከምርጫው በፊት ባለው እሁድ ሁለቱ ሰዎች ሱቁ ውስጥ ከማለዳ ጀምሮ መዶሻ ሲያሰሙ ዋሉ። አዲሱን መደርደሪያ ግድግዳው ላይ መቱት፤ ሲጨርሱ ቢያድግልኝ ማንደፍሮን «ተንጠልጠልበት» አለው፤ ተንጠለጠለ፤ አልወደቀም። ትርንጎ ሳጥኖቹን ሁሉ ፈትታ ዕቃውን አንድ ሳይቀር አወጣችው። ጭዱን ለጎረቤት አህያ ሰጠችው። የሚያስፈራ ነገር ነበር፤ ጎረቤቶቿ «ምርጫው እኮ ገና ነው» አሏት። «አውቃለሁ» አለች።

ሕዝቡ ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ። ውጤቱ እንደ ወጉ በገበያው አደባባይ በድምፅ ማጉያ ተነገረ፤ ጃንጥላ በጥቂት ድምፅ አሸነፈ። ትርንጎ በሱቋ ደፍ ላይ፣ ብርጭቆው ሁሉ ከኋላዋ እያበራ፣ እጆቿን አጣምራ ቆማ ነበር። ሰዓቱ የድንጋዩ ሰዓት ነው። ሕዝቡም ከልማድ የተነሳ ዝም ብሎ ጠበቀ። አንድ ሰው እጁን ከኪሱ አወጣ፤ ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ መሀረብ ነበር፤ አፍንጫውን ተናፈጠበት።

ከዚያ ከኋላ በኩል አንድ ወፍራም ድምፅ፣ «እንግዲህ ይሄን ምን ላድርገው?» አለ። አንድ ጎልማሳ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ይዞ አፍሮ ቆሟል።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ካነሳህበት መልሰው!» አለችው አጠገቡ ያለች ሴት።

ሄደ። እንደ ሰረቀ ሰው ዞር ዞር እያሉ ሌሎችም ተከተሉት።

መሰላሎች ግን ቢያድግልኝን ከበቡት። «ያሸነፍከን አንተ ነህ! ጃንጥላን እንዲህ አሳምረህ ማን ተጫወት አለህ?» አሉት። ዕጩው ራሳቸው መጥተው ከዋና ጯሂነት መሻሩን አስታወቁ። ማንደፍሮም በዚያው ሰዓት በጃንጥላዎች ተሽሮ ነበር፤ ያሸነፉት በጥቂት ድምፅ ብቻ የሆነው መሰላልን ደህና አድርጎ ስለተጫወተ ነው ተባለ። ሁለቱ የተሻሩ ሰዎች አደባባዩ መሀል ተገናኙ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ እየፈጸሙ ነበር፤ እነሱ ግን ስለ ወለል ሳንቃ ያወሩ ነበር።

ቢያድግልኝ ወደ ሱቁ መጥቶ ለትርንጎ አንድ ነገር ነገራት። አልሰማችውም።

«ምን አልክ?»

ደገመው። በቀስታ ነበር የሚናገረው። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

«ከማንደፍሮ ጋር ወንዝ ዳር ልወርድ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ወለሉን ከፍ እናድርገው ብለን» አለ። «ምነው? ድምፄ አስጠላሽ?»

«የለም» አለች። «እንዲሁ ተናገር።»

መጋዝና መዶሻውን ይዘው፣ አንዱ ሳንቃውን በትከሻው፣ ሌላው ከኋላ በኩል ደግፎለት፣ እየተነታረኩ ቁልቁል ወረዱ። ንትርኩ ሳንቃው በየትኛው ጫፍ ይከብዳል የሚል ነበር። ትርንጎ እስኪሰወሩ አየቻቸው። ከዚያ ገብታ በባንኮኒው ኋላ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ጥቂት ቆይቶ ለሠርግ ዕቃ የምትገዛ አንዲት ወጣት ከአክስቷ ጋር መጣች። ዞር ዞር ብላ አይታ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው የሻይ ብርጭቆ መረጠች።

«እማማ፣ ከዚህ ዓይነት ተጨማሪ ይኖርሻል?»

«አለ፣ ከላይኛው...» አለች ትርንጎ። ቃሏን አልጨረሰችውም።

ወጣቷ ደነገጠች። «ምን ሆነች? አክስቴ፣ ነይ እስኪ እያት!»

አክስቲቱ በባንኮኒው ላይ አጎንብሳ አዳመጠች። ትርንጎ ራሷን ከግድግዳው አስደግፋ፣ አፏን ጥቂት ከፍታ፣ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

«ተኝታለች» አለች አክስቲቱ።

«እንቀስቅሳት?»

«ተያት። የስንት ዓመት እንቅልፍ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?»

ብርጭቆውን ከወሰዱበት ቦታ ድምፅ ሳያሰሙ መለሱት፤ ወጥተው ደፉ ላይ ተቀመጡ። መንገደኛ ሊገባ ሲል አክስቲቱ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርግለታለች። ፀሐይዋ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ እስክታዘነብል ድረስ እንዲህ ጠበቋት።